ወንድሜ ድምፅ ይሰማዋል፤ ቤት ውስጥ እንዴት እናናግረው?

እህት ከኮዬ ፈጬ (ክሩን የከፈተች) · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ አቡሽ ነው የምንለው። 21 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ከጓደኞቹም ራቀ። ከዚያ ስሙን የሚጠሩ ድምፆች መስማት ጀመረ። ዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ ወደ ቤት ተመለሰ። አሁን ሆስፒታል ክትትል ላይ ነው። ሐኪሙ «የሳይኮሲስ መጀመሪያ ነው፤ በጊዜ ይዛችሁት መምጣታችሁ ጥሩ ነው» ብሎናል። ኪኒኑን ይወስዳል። እንቅልፉ ተስተካክሏል፤ ድምፁም ቀንሷል።

የቸገረን ንግግሩ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ እናቴ፣ አባቴ፣ እኔና እሱ። አቡሽ «ጎረቤቶቹ በግድግዳው በኩል ስለኔ ያወራሉ» ይላል። እናቴ «ማንም አላወራም ልጄ፣ በስመ አብ በል» ትለዋለች። እሱ «ታዲያ ውሸታም ነኝ?» ይላል። ይጨቃጨቁና መጨረሻው የሷ ለቅሶ ነው። አባቴ ዝም ብሎ ተነስቶ ይወጣል። አክስታችን ስትመጣ ደግሞ «እኩዮችህ እኮ ሊመረቁ ነው» ትለዋለች። ለሱ አስባ ነው፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍኖ ይተኛል።

ሐኪሙ ጋ ብዙ ሰው ስለሚጠብቅ መድኃኒቱ ታድሶ እንወጣለን። «አታስጨንቁት» ተባልን። አለማስጨነቅ ዝም ማለት ነው? ያለውን ሁሉ እሺ ማለት ነው? ለቤተሰብ የአነጋገር ሥልጠና የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ሲስተር ከካራ · ሰኞ ማታ 4፡15

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ከሥራዬ ሁሉ ልቤ ያለው እዚሁ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ በመለማመዱ ላይ ስለሆነ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ይህን ሕመም ቤተሰብ አላመጣውም። የእናትሽ ለቅሶም፣ የአባትሽ ዝምታም አላመጡትም። ሕመሙ ከመጣ በኋላ ግን ቤት ውስጥ ያለው አነጋገር ልጁ እንዳያገረሽበት ሊያግዝ ይችላል፤ ሊጎዳም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን የሚባል ተመራማሪ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ተከታተለ። ወላጆቻቸው ወይም የትዳር ጓደኞቻቸው ጋ የተመለሱት፣ ክፍል ተከራይተው ከሚኖሩት ይልቅ ብዙ ጊዜ ያገረሽባቸው ነበር። በኋላ ቤተሰቦችን እያነጋገረ ስለ ሕመምተኛው የሚናገሩትን መዘነ። ወቀሳ ይበዛል ወይ? ጥላቻ አለው ወይ? ወይስ ጭንቀቱ ከልክ አልፎ ሕመምተኛውን መላወሻ ያሳጣዋል? እ.ኤ.አ. በ1976 ክርስቲን ቮን እና ጁልያን ሌፍ ይህንኑ ደግመው ውጤቱን ከብራውን ውጤት ጋር ሲደምሩት፣ ወቀሳና ጭንቀት ወደበዛበት ቤት ከተመለሱት ግማሽ ያህሉ በ9 ወር ውስጥ አገረሸባቸው። ረጋ ወዳለ ቤት ከተመለሱት ግን ከ100 ሰው 13 ያህሉ ብቻ።

ከዚያ ነው ሥልጠናው የመጣው። ኢያን ፋሉን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1982 ሎስ አንጀለስ ላይ የሠራውን ውጤት አወጣ። 18 ሕሙማን ከነቤተሰባቸው ቤታቸው ድረስ እየተሄደ ሠለጠኑ። ሌሎች 18 ለብቻቸው ምክር አገኙ። መድኃኒት ሁሉም ይወስዳሉ። በ9 ወር ውስጥ ከሠለጠኑት አንድ ሰው ብቻ አገረሸበት፤ ከሌሎቹ ስምንት። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ከሱ በኋላ ግን ብዙ ተሠርቶ ነገሩ ጸንቷል። ዛሬ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለቤተሰብ ቢያንስ 10 ጊዜ፣ ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲሰጥ ይላል።

የሚለመደው አራት ነገር ነው። ደስ ያለሽን ነገር መናገር፣ የምትፈልጊውን በደንብ መጠየቅ፣ ያስከፋሽን ሳትወቅሺ መናገር፣ ማዳመጥ። ቀላል ይመስላል። «እናውቀዋለን እኮ» የሚለኝ ቤተሰብ ብዙ ነው። ማወቅ ግን አይበቃም፤ መንዳት በንባብ እንደማይለመድ ሁሉ ይህም አፍ እስኪለምደው በአፍ መባል አለበት። እናት ልጁን ሆና፣ እህት እናትን ሆና፣ እየተቀያየሩ።

በጣም ስለቸገረሽ ከግድግዳው ልጀምር። «ማንም አላወራም» ስትሉት ለሱ «ውሸታም ነህ» ነው። ድምፁን በእውነት በጆሮው እየሰማው ነው። «አዎ፣ ያወራሉ፣ ሄደን እንጠይቃቸዋለን» ብትሉትም ጥርጣሬውን ታጸኑበታላችሁ። መሀል ያለው መንገድ ይህ ነው፦ «አቡሽ፣ እንዲህ ስትሰማ በጣም የሚያስፈራ ነው። እኔ አልሰማሁትም። አንተ ግን እየሰማህ እንደሆነ አምንሃለሁ። አሁን ምን ብናደርግ ይቀልሃል?» ስለ ድምፁ አትከራከሩም፤ ስለ ፍርሃቱ ታወራላችሁ። ከዚያ ራዲዮ መክፈት፣ ወጣ ብሎ መራመድ፣ ሻይ ማፍላት፣ የሚቀለውን እሱ ይምረጥ።

ስለ መጠየቁ ደግሞ፣ «ምነው አንዳች ነገር ብትሠራ!» ለታመመ አእምሮ ምንም አይነግረውም። ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ ቢያደርገው ምን እንደሚሰማሽ ንገሪው። «አቡሽ፣ ውኃ መጥታለች። ከምሳ በፊት ቢጫውን ጀሪካን ብትሞላልኝ ደስ ይለኛል።» ያው ነው። አንድ ጀሪካን። ሲሞላ ደግሞ አይታለፍም።

ከአባዶ · ሰኞ ማታ 4፡50

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። «እኔ አልሰማሁትም» ማለት አያስቆጣውም ወይ? የኔ ልጅ «አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ» ይለኛል።

ሲስተር ከካራ · ሰኞ ማታ 5፡05

ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። መጀመሪያ ፍርሃቱን ከተቀበልሽለት፣ ያንቺን ሐሳብ ሲጠይቅሽ ብቻ ብትናገሪ ይሻላል። ካልጠየቀሽ አትናገሪም። ከጠየቀሽ በአጭሩ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ። «ከነሱ ጋር ነሽ» ካለሽ ለመከላከል አትሩጪ። «አጠገቤ ሆነህም ብቻህን የሆንክ መስሎ ከተሰማህ ይከብዳል። እዚሁ ነኝ» በይውና ዝም በይ። አንዳንድ ቀን የሚሻለው ወሬውን እዚያው ማቆም ነው፤ ሲረጋ ይቀጥላል።

ተመልሻለሁ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

እኔ እንደ አቡሽ የነበርኩ ሰው ነኝ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፤ ሥራ እሠራለሁ። ከዚያኛው ወገን ሆኜ የማውቀውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሹክሹክታ ይቅር። ወጥ ቤት ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ለኔ ማረጋገጫ ነበር፤ ስለኔ ካልሆነ ለምን ይደብቃሉ? ስለኔ የሚባል ነገር ካለ ፊቴ ላይ ይባል። ፊቴ ላይ ሲባልም «እሱ ዛሬ አልበላም» አይባል። እዚህ ተቀምጬ አይደል? እኔን ጠይቁኝ።

ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ አያውራ። ቡና ተፈልቶ አምስት ሰው ሲያወራ የሰው ድምፅና ያኛው ድምፅ ይደራረብብኝ ነበር። ተነስቼ መኝታ ቤት እገባለሁ። ኩርፊያ መሰላቸው። ኩርፊያ አልነበረም፤ ጭንቅላቴ አልችልም ብሎ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ነገር፣ አጭር አረፍተ ነገር። ጠይቃችሁኝ መልስ ካዘገየሁ ጥያቄውን በሌላ ቃል አትድገሙት። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ የመጀመሪያው ይጠፋብኛል። ጠብቁኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ጠዋት ነበር። ዓይኔን ስገልጥ የመጀመሪያው ቃል «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ነው። ልጅነቴ ቀርቶ ኪኒን ዋጭ ብቻ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ቀን ታላቅ እህቴ እናታችንን አስቀምጣ አናገረቻት። በማግስቱ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «እንዴት አደርክ የኔ ጌታ? ሕልም አየህ?» አለችኝ። የኪኒኑ ነገር ከቁርስ በኋላ መጣ። ያው ጥያቄ ነው፤ ግን ከሰላምታ በኋላ ሲመጣ ሌላ ነው። ያን ቀን ሳልነታረክ ዋጥኩት።

እህት ከኮዬ ፈጬ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡10

ታክሲ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፤ ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ። ስለ ሹክሹክታው ማንም ነግሮን አያውቅም። እኛ እንዳይጨነቅ ብለን ነበር ወጥ ቤት የምናወራው። እግዚአብሔር ያክብርህ ወንድሜ።

የጀሞው አባት · ማክሰኞ ቀን 7፡30

ልጆች፣ ሰላም ዋሉ። የ24 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ በዚሁ መንገድ ያለፈች ናት። ሲስተር የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። አንዱ ላይ ግን የምለው አለኝ። «ደስ ያለህን ተናገር» ሲባል፣ እኛ እንዲህ አላደግንም። አባቴ አመስግኖኝ አያውቅም። «ልጅ ፊት ለፊት ካመሰገኑት ይበላሻል» ነው የሚባለው። ሥልጠና ላይ ተቀምጬ «ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ» በል ሲሉኝ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ልጄም ሳቀች፤ እውነት አልመሰላትም።

ከዚያ ያሠለጠነችን ልጅ «አባባ፣ ልጅዎ ውኃ ስታቀብልዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ። «እደጊ፣ ተባረኪ እላለሁ» አልኳት። «እሱንስ ለምን አይሉም?» አለችኝ። እውነትም! ማመስገን አፌ አልለመደም፤ መመረቅ ግን አውቃለሁ። አሁን ልጄ ራሷ ተነስታ አልጋዋን ስታነጥፍ ሳይ «አልጋሽን አንጥፈሽ አየሁ፤ ተባረኪ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» እላታለሁ። ያየሁትን ስም ጠርቼ ነው የምመርቃት። «አሜን» ትላለች። «አሜን» ካለች ደግሞ ወሬ ተጀመረ ማለት ነው።

አባትሽን እንዲህ በያቸው። ወሬ የማይሆንላቸው ከሆነ በምርቃት ይጀምሩ። ተነስተው የሚወጡትም ጠልተው አይመስለኝም። ወንድ ልጅ ሲጨንቀው በር ነው የሚያየው።

ሲስተር ከካራ · ማክሰኞ ማታ 1፡55

ጋሼ፣ ይህን ለሌሎች ቤተሰቦች ልውሰደው? በጣም ነው የወደድኩት። ምስጋናው ሊሠራ የሚችለው ያዩትን ነገር ለይቶ ሲጠራ ነው፤ እርስዎ ምርቃቱ ውስጥ ያንኑ አስገብተውታል። ወቀሳን መቀነስ ብቻውን ቤቱን አይሞላውም። ብራውንም በዚያን ጊዜ ወቀሳውን ብቻ አልነበረም የሚቆጥረው፤ ሙቀቱንና መልካም ቃሉንም ይመዝን ነበር።

የጣፎ እናት · ማክሰኞ ማታ 3፡00

እኔ ልጄን ጠበል ነው የማመላልሰው። ሆስፒታልም ካርድ አለው። ሐኪሙ እንዳይቆጣኝ ጠበሉን አልነግረውም፤ ጠበል ቦታም መድኃኒቱን አላወራም። ልጁም ግራ ገብቶታል። ከሁለቱ አንዱን ተዪ የምትሉኝ ከሆነ አልችልም።

ሲስተር ከካራ · ማክሰኞ ማታ 3፡30

እማዬ፣ ማንም ተዪ አይልሽም። እምነትሽ ጉልበትሽ ነው፤ የልጁም ጉልበት ሊሆን ይችላል። የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። መድኃኒቱ በድንገት አይቁም፤ ልጁም አይታሰር፣ አይመታ፣ ብዙ ቀን አይጹም። በኤችአይቪ ጊዜ ታስታውሺ እንደሆነ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ለዚህም ያው ነው።

ለሐኪሙ እንዲህ በይው፦ «ዶክተር፣ ልጄን ጠበል እወስደዋለሁ። መድኃኒቱን አላቋርጥበትም። የሚጾምበት ቀን ሲኖር ኪኒኑን በስንት ሰዓት ልስጠው?» ይህን ስትጠይቂ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አጥማቂውንም «መድኃኒት ላይ ነው፤ እንዳያቋርጥ ይምከሩልኝ» በያቸው። ብዙዎቹ ይመክራሉ። ልጁ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ሲሉት ከሰማ ግራ መጋባቱ ይቀልለታል።

ሀናን ከአለምገና · ማክሰኞ ማታ 3፡45

እኛም ቤት ሩቅያውን (ቁርኣን እየተቀራ የሚደረገውን ሕክምና) እና ሆስፒታሉን አብረን ነው ያስኬድነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሼኻችን ራሳቸው «ሐኪሙ ያዘዘውን ዋጥ፤ ሰበቡን አድርስ» ብለው መከሩት። ያቺ አንዲት ቃላቸው ከኛ የሰዓታት ጭቅጭቅ በልጣ ሠራች።

ከቡራዩ · ረቡዕ ቀን 6፡40

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ረጋ ያለ ቤት እንላለን፤ እኛ አምስት ሰው ሁለት ክፍል ውስጥ ነን። ወንድሜ ሥራ የለውም፤ እናቴም ቤት ነው የምትውለው። ጠዋት ተነስተው እስኪተኙ ፊት ለፊት ናቸው። ከየት ይመጣል መርጋት?

ሲስተር ከካራ · ረቡዕ ማታ 2፡20

ይህ ጥያቄ ከጥናቱም ውስጥ አለ። እነ ቮን ወቀሳ በበዛበት ቤት ውስጥ ፊት ለፊት የሚያሳልፉትን ሰዓት ቆጥረው ነበር። በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ አብረው የሚውሉት ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ሰዓቱን መቀነስ ራሱ መድኃኒት ነው። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው አብሮ መኖሩ በራሱ ችግር አይደለም። ህንድ ቻንዲጋር ላይ ይኸው ሲመዘን ወቃሽ የሆነው ቤተሰብ ከለንደኑ በጣም ያነሰ ነበር። ቁም ነገሩ በውስጡ ያለው አነጋገርና መተንፈሻው ነው።

መተንፈሻ ቤት በማስፋት አይደለም የሚመጣው። ቀኑን ከፋፍሉት። እናትሽ ጠዋት ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እሱ ቤት ይቆይ። ከሰዓት እሱ ወጣ ይበል፤ አንድ የሚያውቀው ሱቅ ድረስ፣ ወይም ሜዳው ድረስ። በረንዳ ካላችሁ አንድ በርጩማ እዚያ ይቀመጥና «በረንዳ ላይ ያለ ሰው አይጠራም» ተባባሉ፤ ለእናትሽም ይሠራል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲተኛ ደግሞ እየገቡ «ተነስተህ ብላ፣ ተነስ» ማለት ይቅር። ምሳ ሲደርስ አንድ ጊዜ ይጠራ። ካልመጣ ይከደንለት።

አቅፎ መላወሻ ማሳጣት ያልኩት ይህን ነው። አብዛኛው እናት በሩ ላይ ይተኛል፤ ያጎርሳል፤ ልብሱን ያጥብለታል፤ ከዓይኑ አይለይም። ከፍቅር ነው። ልጁ ግን 20 ዓመቱን አልፎ እንደገና ሕፃን ይሆናል። ትንሽ ትንሽ ነገር መልሱለት፦ የራሱን ሰሃን ማጠብ፣ ዳቦ ገዝቶ መምጣት፣ የቀጠሮ ካርዱን ራሱ መያዝ።

ደግሞ ስንፍና አይደለም። ይህን ለሁሉም ነው የምለው። አልጋ ላይ መዋል፣ አለማውራት፣ ፊት ላይ ስሜት አለመታየት፣ አለመታጠብ የሕመሙ አንድ ክፍል ነው። አንዳንዴ የመድኃኒቱ ድካምም አለበት። አንገቱ ከተወላገደ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ቁጭ ማለት ካቃተው ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪም ንገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም ይቀየራል። እናንተ ካልተናገራችሁ እሱ ዝም ብሎ መድኃኒቱን ይተወዋል።

ከአባዶ · ረቡዕ ማታ 2፡50

መጠየቅ የምፈራውን ልጠይቅ። ልጄ አንድ ቀን «ድምፁ ከበረንዳው ዝለል ይለኛል» አለኝ። ቶሎ ወሬ ቀየርኩ። ብጠይቀው እንዳላስታውሰው ፈራሁ።

ሲስተር ከካራ · ረቡዕ ማታ 2፡58

እህቴ፣ ይህን አሁኑኑ እንመልስ። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። በቀጥታ ጠይቂው፦ «ልጄ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? ድምፁ ሲያዝህ እምቢ ማለት ትችላለህ?» አዎ ካለሽ ወይም መልሱ ካስፈራሽ ብቻውን አትተዪው። የበረንዳውን በር ቆልፊ። ኪኒኑን፣ ገመዱን፣ የተባይ መርዙን፣ ቢላውን ከቤት አውጪ ወይም ጎረቤት ጋ አስቀምጪ። ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ። አምቡላንስ ቀይ መስቀል 907፣ የከተማው 939 ነው። በዚያ ሰዓት አነጋገርሽ አጭር ይሁን፦ «ደህንነትህን ነው የምፈልገው። አብረን እንሄዳለን። ከጎንህ አልለይም።» ሁለት ሰው አይያዘው፤ ብዙ ሰው አይክበበው፤ አንድ የሚወደው ሰው ብቻ ያውራው። ነገ ጠዋት እዚህ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ከአባዶ · ሐሙስ ጠዋት 3፡15

ሌሊቱን ጠየቅኩት። «ከባድ ነው፤ ግን እምቢ እለዋለሁ» አለኝ። በጠዋት ወሰድነው፤ ሐኪሙ ጋ ነን። ብቻውን ተሸክሞት እንደነበር ነገረኝ። የበረንዳውን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

ተመልሻለሁ · ሐሙስ ጠዋት 3፡40

እንኳን ጠየቅሽው እናቴ። እንኳን ወሰድሽው።

እህት ከኮዬ ፈጬ · ዓርብ ማታ 3፡05

የሞከርነውን ልንገራችሁ። ትናንት ማታ አቡሽ ሱቅ ወርዶ እያለ እናቴን «እስቲ አንቺ አቡሽን ሁኚ፤ እኔ አንቺን ልሁን» አልኳት። መጀመሪያ «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይኼ?» ብላ እምቢ አለች። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ተከናነበችና «ጎረቤቶቹ እያወሩብኝ ነው» አለች። እኔም እሷን ሆኜ «ማንም አላወራም ልጄ፣ በስመ አብ በል» አልኳት። ዝም አለች። ነጠላዋን ገልጣ አየችኝ። «እንዲህ ነው የምለው?» አለች። «ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ እኮ» አለች። ከዚያ ሲስተር የጻፈችውን ደግመን ደጋግመን አልነው። «አምንሃለሁ» የምትለዋ ላይ አፏ ይያዝ ነበር፤ «ድምፁን ካመንኩለት አልዋሸሁም ወይ?» አለችኝ። «ድምፁን አይደለም፤ እሱን ነው የምታምኚው» አልኳት። ያኔ ወጣላት።

ዛሬ ከሰዓት ላይኛው ፎቅ ዕቃ ሲጎትቱ አቡሽ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ሰማሽ?» አላት። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላውን አስቀመጠች። «ዕቃ ሲጎተት ሰማሁ። አንተ ሌላ ነገር ሰማህ እንዴ?» አለችው። «ስሜን» አላት። «ያስፈራል የኔ ልጅ። ራዲዮውን ልክፈተው?» አለችው። «ክፈችው» አለ። ከዚያ ሽንኩርቱን ተቀብሏት ከተፈ። ይኸው ነው የሆነው፤ እኛ ቤት ግን ትልቅ ነገር ነው። አባቴ ሲገባ ነገርነው። የጀሞውን አባት ጽሑፍ አነበብኩለት፤ ሁለቴ አስደገመኝ።

አሁን ደግሞ አዲስ ጭንቀት አለ። እሑድ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነው። ዘመድ ሁሉ ይመጣል። «መቼ ነው የምትመረቀው?» የማይለው የለም። አባቴ «እሱ ይቅር» ይላል። እናቴ «ከቀረ ወሬው ይብሳል» ትላለች። ምን እናድርግ?

ሲስተር ከካራ · ዓርብ ማታ 3፡50

እናትሽን ሳሚልኝ። ያን ነጠላ የተከናነበችበትን ሰዓት እኔ በብዙ ወሬ አላመጣውም ነበር።

ስለ ሰርጉ፣ እናንተ ስለሱ አትወስኑ፤ እሱን ጠይቁት። ይህም ከሥልጠናው አንዱ ክፍል ነው፤ ችግር አብሮ መፍታት ይባላል። አራታችሁም ቁጭ በሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ አንድ ሰው ይጻፍ። ችግሩን በአንድ መስመር ጻፉት። ከዚያ የመጣ ሐሳብ ሁሉ ይጻፍ፤ ሳይተች። ቀርቶ መዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ብቻ መገኘት፣ ምሳ በልቶ መውጣት፣ የሚያስቀውም ይጻፍ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ጥሩውንና መጥፎውን አውሩና እሱ ይምረጥ። ማን ምን እንደሚሠራ ተነጋገሩ። ከሰርጉ በኋላ ተመልሳችሁ እንዴት እንደነበር እዩት። ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፤ ከደከመው ነገ ይቀጥላል።

የጀሞው አባት · ዓርብ ማታ 4፡10

ልጄን የእድር ሰው «ምን ሆና ነው?» ሲለኝ የምመልሰውን ቃል እሷው ናት የመረጠችልኝ። «አሟት ነበር፤ እየታከመች ነው፤ ደህና ናት» ነው። ከዚያ በላይ አልጨምርም። የሚገፋ ሰው ካለ «ለመጠየቅህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የናንተ ቤት እንዴት ነው?» እለዋለሁ። ሰው ስለራሱ ከተጠየቀ ይረሳል።

ተመልሻለሁ · ዓርብ ማታ 4፡25

አንድ ምልክት ተስማሙ። መውጣት ስፈልግ ማስረዳት አልችልም ነበር። ቃል ሳያስፈልገው የሚያሳያችሁ ነገር ይኑር። የሙዚቃ ባንዱ አጠገብም አይቀመጥ፤ ስፒከሩ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። በር አጠገብ ይሻላል። መጠጥና ጫት የሚያቀርብለት የአክስት ልጅ ካለ ደግሞ ቀድማችሁ አናግሩት።

እህት ከኮዬ ፈጬ · ቅዳሜ ማታ 2፡30

ተቀመጥን። ጸሐፊ አባቴ ነበር፤ የእድር ደብተር አወጣና በሚያምር ጽሑፉ «የእሑዱ ጉዳይ» ብሎ አሰመረበት። ሰባት ሐሳብ ጻፈ። አቡሽ መጀመሪያ አላወራም፤ ጠበቅነው። ከዚያ «መሄድ እፈልጋለሁ። ሙሽራው ጓደኛዬ ነበር» አለ። እኛ ሙሽራውን እንደሚወድ እንኳን አላሰብንም፤ የምናስበው የሰውን አፍ ነበር።

የመረጠው ይህ ነው። ምሳው ላይ ይገኛል፤ ጭፈራው ሲጀመር ይወጣል። ለሚጠይቀው «ትንሽ አሞኝ አረፍ ብዬ ነው፤ እመለሳለሁ» ይላል። እሱ መመለስ ካልቻለ እናቴ ትመልስለታለች። ምልክቱ ጃኬቱ ነው፤ ጃኬቱን ከለበሰ እኔ ተነስቼ አብሬው እወጣለሁ። ማንም «ምነው፣ የት ናችሁ?» አይልም። አክስታችንን አባቴ ራሱ ደውሎ «ስለ ምረቃ እንዳታነሺበት አደራ» አላት። አክስቴ «እኔ እኮ እንዲበረታ ብዬ ነው» አለች። አባቴ «አውቃለሁ፤ እንዲበረታ ከፈለግሽ መርቂው» አላት።

ሲስተር፣ ከሰርጉ በኋላ ቁጭ ብለን ያየነውን እጽፍልሻለሁ። ዊዝድሮዋሉን መልሶ ትምህርት ስለ መጀመር ራሱ አንስቶብናል፤ ለዚያ ሌላ ክር እከፍታለሁ። አሁን ሸሚዙን ልተኩስለት።